«ባውንድ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ሳይሳሳቱ እንዴት መተርጎም ይቻላል?

መዝገበ ቃላት ውስጥ «ባውንድ»ን ሲፈልጉ ዘለለ፣ ወሰን፣ የታሰረ፣ ወደ አንድ ቦታ የሚሄድ የሚሉ ፍቺዎች ተደርድረው ያገኛሉ። በመካከላቸው ዝምድና ለማግኘት አይድከሙ፤ አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ አጻጻፋቸውና አነባበባቸው ብቻ ገጥሟል። ዝላዩ ከፈረንሳይኛው «ቦንዲር» የመጣ ነው። ወሰኑም በፈረንሳይኛ በኩል ቢገባም ሥሩ ሌላ ነው። የታሰረው ማሰር ከሚለው «ባይንድ» ይወጣል። መንገደኛው ደግሞ በጥንቱ የኖርስ ቋንቋ «የተዘጋጀ» ማለት ነበር፤ መጨረሻው ላይ ያለችው «ድ» በኋላ የተለጠፈች ናት። እኛ «አለ»ን በማጥበቅና በማላላት እንለየዋለን። ለ«ባውንድ» ግን መለያው ጎረቤት ቃሉ ነው።

መጀመሪያ ከኋላው የሚከተለውን ይዩ። «ፎር» ተከትሎት የቦታ ስም ከመጣ ጉዞ ነው። «ቱ» ከግስ ጋር ከተከተለ ብዙ ጊዜ «አይቀርም» ይባላል፦ «ኢት ኢዝ ባውንድ ቱ ሬይን» ማለት መዝነቡ አይቀርም። ጽሑፉ የሕግ ወይም የውል ከሆነና ባለቤቱ ሰው ከሆነ ግን ያው «ባውንድ ቱ» «ግዴታ አለበት» ወደሚለው ያዘነብላል።

ቀጥሎ ከፊቱ የተጣበቀ ቃል እንዳለ ይመልከቱ። አቅጣጫ ወይም ከተማ ከሆነ ጉዞ ነው፤ በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ላይ የሚታየው «ኖርዝባውንድ» ወደ ሰሜን የሚሄደውን መስመር ያሳያል። የሚይዝ ወይም የሚያግድ ነገር ከሆነ ግን እስር ነው፦ «ስኖውባውንድ» በረዶ መውጫ ያሳጣው እንጂ ወደ በረዶ የሚሄድ አይደለም። አስቸጋሪው «ሆምባውንድ» ነው፤ ወደ ቤቱ የሚመለስ መንገደኛም፣ ከቤት መውጣት የማይችል ሕመምተኛም ይባልበታል። ሜዲኬር በተባለው፣ በዋናነት ለአረጋውያን በሆነው የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን የቤት ውስጥ ሕክምና ቅጽ ላይ ሲያዩት ሁለተኛው ነው። እዚያ ላይ «ወደ ቤቱ የሚሄድ» ብሎ የተረጎመ ሰው ለእናት ለአባቱ የሚሞላውን ቅጽ ትርጉሙን ገለበጠው ማለት ነው።

ሦስተኛው እርምጃ መጨረሻውን ማጥራት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። «ባይንድ» ሲያልፍ «ባውንድ» ይሆናል፤ መዝለልና መወሰን ግን «ባውንድድ» ነው የሚሆኑት። ስለዚህ «ባውንድ ባይ ሎው» ሲባል ሕጉ ያስረዋል፤ «ኢትዮጵያ ኢዝ ባውንድድ ኦን ዘ ሳውዝ ባይ ኬንያ» ሲባል ደግሞ በደቡብ ከኬንያ ጋር ትዋሰናለች። «ድ»ዋ ከተዘነጋች ኢትዮጵያ በኬንያ ታስራለች። «ባውንድስ» በብዙ ቁጥር ሲመጣ ብዙ ጊዜ ወሰን ነው፤ ኳስ «አውት ኦፍ ባውንድስ» ስትሆን ከሜዳው ወጥታለች። «ሊፕስ ኤንድ ባውንድስ» ግን ከዚህ ይለያል፤ ሁለቱም ቃላት ዝላይ ናቸው፣ የሚነገረውም ነገር በፍጥነት ሲያድግ ነው።

የዝላይ ቃላት ብዙ አያስቸግሩም። «ጃምፕ» ማንኛውም ዝላይ፣ «ሆፕ» በአንድ እግር፣ «ሊፕ» ረጅምና የተወረወረ፣ «ቮልት» በእጅ ወይም በምርኩዝ ተደግፎ ነው። «ሊፕ ይር» ጳጉሜ 6 የምትውልበት ዓይነት ዓመት ነው። ስሙ ለምን ዝላይ ሆነ ቢሉ በእኛው ቀን መቁጠሪያ ይሞክሩት፦ መስከረም 1 በ2014 ቅዳሜ፣ በ2015 እሁድ ዋለ፤ 2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረው በ2016 ሰኞን ዘልሎ ማክሰኞ ላይ አረፈ።

የወሰን ቃላትን ግን አይቻኮሉባቸው። «ሊሚት» ገደብ ነው፤ እንደ የፍጥነት ገደብ ያለ፣ ሊያልፉት የማይገባ ልክ። «ባውንደሪ» መስመሩ ራሱ ነው፣ የእርሻ ወሰንም ይሁን የአገር። «ቦርደር» የአገር ድንበር ሲሆን በመስመሩ ዙሪያ ያለውን አካባቢና ኬላውንም ይጨምራል። ኢትዮጵያና ኤርትራ በታኅሣሥ 2000 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአልጀርስ ስምምነት ያቋቋሙት አካል በአማርኛ የድንበር ኮሚሽን ይባል እንጂ በእንግሊዝኛ ስሙ ላይ ያለው «ባውንደሪ» ነው፤ ሥራው መስመር ማውጣት ነበርና። የዚያን ዓይነት ሰነድ ሲተረጉሙ «ዴሊሚቴሽን» መስመሩን በጽሑፍና በካርታ መወሰን፣ «ዴማርኬሽን» ደግሞ መሬት ላይ ወርዶ ምልክት መትከል ነው። ሁለቱንም «ማካለል» ብለው ካለፉ አንባቢው ችካሉ ተተክሎ ይሁን ገና ወረቀት ላይ ይሁን አያውቅም።

በድርጅት ስም መጨረሻ ላይ የሚመጣውን «ሊሚትድ» ደግሞ «ውስን» ብለው አይተዉት። የተወሰነው ድርጅቱ ሳይሆን የባለቤቶቹ የዕዳ ኃላፊነት ነው፤ አማርኛው «ኃላፊነቱ የተወሰነ» ብሎ ይህንኑ ከእንግሊዝኛው በተሻለ ግልጽ አድርጎታል።