የሳር ሜዳ ቦውሊንግ እንዴት ይጫወቱታል?

ቦውሊንግ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን አዳራሽ ውስጥ የተደረደሩ እንጨቶችን በኳስ መጣል ነው። ይሄኛው ሌላ ነው፤ የሚጣል ነገር የለም። ደጅ፣ በደንብ በተከረከመ ሳር ላይ ነው ጨዋታው። ኳሶቻችሁን ጃክ ወደምትባል ትንሽ ኳስ ከተጋጣሚያችሁ አብልጣችሁ ማስጠጋት ነው፣ በቃ። የጣሊያኖቹን ቦቼ የምታውቁ ግማሹን ታውቁታላችሁ። ቀሪው ግማሽ ግን ያስቸግራል፤ ምክንያቱም እዚህ ኳሱ ቀጥ ብሎ አይሄድም።

ጨዋታው ሥሩ እንግሊዝ ነው። ሳውዝሃምፕተን ውስጥ ከ1299 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነበረ የሚባል ሜዳ እስካሁን ይጫወቱበታል። ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ በ1541 ተራው ሕዝብ ከገና ሰሞን ውጭ እንዳይጫወት በሕግ ከልክሎ ነበር። ሰው ቀስት መለማመዱን ትቶ ኳስ ሲያንከባልል እየዋለ አስቸግሮት ነው። እንግዲህ ጨዋታው ምን ያህል እንደሚይዝ ከዚህ ገምቱ።

1. ዕቃችሁን አዘጋጁ

ለመጀመር ምንም መግዛት አያስፈልግም። አብዛኛው ክለብ ለጀማሪ ኳስ ያውሳል። ተረከዝ የሌለው፣ ሶሉ ለስላሳ ጫማ አድርጉ። ሳሩን የሚጎዳ ጫማ ካደረጋችሁ ሜዳ ጠባቂው ፊት አይሰጣችሁም።

ኳሱን ስትመርጡ በሁለት እጃችሁ ዙሪያውን ያዙት። አውራ ጣቶቻችሁና የመሃል ጣቶቻችሁ ከተነካኩ መጠኑ ልክ ነው። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይደርሳል። ትልቅ ኳስ ይዞ ከመታገል ትንሽ ያነሰውን መያዝ ይሻላል።

2. ምልክቱን እዩ

ይህችን አትዝለሏት። ኳሱ ጎንና ጎኑ ላይ ክብ ምልክት አለው፤ አንዱ ትልቅ፣ ሌላው ትንሽ። ኳሱ ሙሉ በሙሉ ድቡልቡል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ትንሽ ተዛብቶ የተሠራ ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ሲቀንስ ትንሹ ምልክት ወዳለበት ጎን ይታጠፋል።

በቀኝ እጃችሁ ወደ ቀኝ አውጥታችሁ የምትለቁት ከሆነ ትንሹ ምልክት በግራ ይሁን፤ ኳሱ ወጥቶ ወደ መሃል ይመለሳል። ወደ ግራ የምታወጡት ከሆነ ትንሹ ምልክት በቀኝ ይሁን። ገልብጣችሁ ከያዛችሁት ኳሱ የጎረቤት ሜዳ ገብቶ ጨዋታ ያቋርጣል። ያኔ ሁሉም ይስቃል። የቆየ ተጫዋችም ቢሆን አልፎ አልፎ ስለሚያደርገው ብዙ አትፈሩ።

3. ምንጣፍና ጃክ

ሜዳው በርዝመቱ ከ31 እስከ 40 ሜትር ነው፤ ጫፍና ጫፉ ላይ ቦይ አለው። ጎን ለጎን ሪንክ ወደሚባሉ ጠባብ መጫወቻዎች ይከፈላል። እናንተ የምትጫወቱት በአንዱ ሪንክ ውስጥ ብቻ ነው።

ሳንቲም ይጣላል። ቀድሞ የሚጫወተው ትንሿን ምንጣፍ አንጥፎ ጃኳን ያንከባልላል። ጃኳ ከምንጣፉ ቢያንስ 23 ሜትር መራቅ አለባት። ከቆመች በኋላ መሃል መስመር ላይ ትስተካከላለች።

4. አንከባልሉ

ምንጣፉ ላይ ቁሙ። ኳሱን ስትለቁ ቢያንስ አንዱ እግራችሁ ምንጣፉ ላይ ወይም ከምንጣፉ በላይ መሆን አለበት። እግራችሁንም ትከሻችሁንም ኳሱን ወደምትልኩበት አቅጣጫ አዙሩ። ክንዳችሁን ዘና አድርጋችሁ ወደ ኋላ ውሰዱ፤ ከዚያ በተቃራኒው እግር አንድ እርምጃ ወደ ፊት እየሄዱ ጎንበስ ብሎ መሬት አጠገብ መልቀቅ ነው። ኳሱ ድም ብሎ ከወደቀ ከፍ አድርጋችሁ ለቃችሁታል። ከለቀቃችሁ በኋላ እጃችሁ ወደ ፊት ይከተል።

ጃኳን እያያችሁ አትልቀቁ። ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዓይናችሁን ከጃኳ ወጣ ባለ ነጥብ ላይ ጣሉ፤ ከቦዩ ማዶ ያለ ምልክት ሊሆን ይችላል። ኳሱ መጨረሻው ላይ ራሱ ይመለሳል። ምን ያህል ይወጣል? እንደ ሳሩ ነው። የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ሜዳዎች ፈጣን ስለሆኑ ኳሱ በሰፊው ይዞራል፤ የእንግሊዝ ሳር ከበድ ስለሚል መስመሩ ይጠባል።

የሜዳው ፍጥነት በሰከንድ ይለካል፤ ኳሱ ተለቆ 27 ሜትር ገደማ ሄዶ እስኪቆም ምን ያህል ፈጀ ተብሎ። ገራሚው ነገር ብዙ ሰከንድ የፈጀው ሜዳ ነው ፈጣን የሚባለው። ሳሩ ስለማይዘው በትንሽ ጉልበት ቀስ ብሎ ረጅም ይሄዳላ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጀማሪ መጀመሪያ መለማመድ ያለበት ርዝመቱን ነው። መስመራችሁ ግማሽ ሜትር ቢስትም ርዝመቱ ልክ ከሆነ ኳሱ ይጠቅማል። ሦስት ሜትር አጥሮ የቀረ ኳስ ግን የራሳችሁን መንገድ ይዘጋል። ከማጠር ትንሽ ማለፍ ይሻላል፤ ጃኳ ስትመታ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ስለምትሄድ ያለፈው ኳስ ይጠብቃታል። በኃይል ለቆ የሌላውን ኳስ መበተንም ይፈቀዳል፤ ያምራልም። ግን እጃችሁ እስኪፈታ ይቆያችሁ።

5. ቁጠሩ

በተራ በተራ እየተጫወታችሁ ኳሶቹ ሲያልቁ ዙሩ ያበቃል። ነጥብ የሚያገኘው አንዱ ወገን ብቻ ነው። ከተጋጣሚ የቅርብ ኳስ ይበልጥ ለጃኳ የቀረበ እያንዳንዱ ኳስ አንድ ነጥብ ነው። ሁለት ኳሶቻችሁ ቀርበው ሦስተኛው የእሱ ከሆነ፣ ሁለት አገኛችሁ። አራተኛው የእናንተ ቢሆንም አይቆጠርም። ካጠራጠረ በሜትር ይለካል። ዙሩን ያሸነፈው በቀጣዩ ቀድሞ ይጫወታል፤ አቅጣጫውም ይገለበጣል።

ቦይ የገባ ኳስ ከጨዋታ ይወጣል፤ እየተንከባለለ ጃኳን ነክቶ ከሆነ ግን አይወጣም። እንዲህ ያለው ኳስ በጠመኔ ይመለክትበታል።

አንድ ለአንድ ከሆነ በተለመደው ደንብ እያንዳንዱ አራት ኳስ ይዞ 21 ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። በቡድን ሲሆን ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ሆኖ ይጫወታሉ፤ መጨረሻ የሚጫወተው ስኪፕ የሚባለው መሪ ነው።

የት ትሞክሩት?

አውስትራሊያ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ብዙ ክለቦች ቅዳሜና እሁድ በባዶ እግር የሚጫወቱበት ሰዓት አላቸው፤ ልጅ አዋቂ ሳይሉ ያስገባሉ። እንግሊዝ ውስጥ የደጁ ወቅት ከሚያዝያ እስከ መስከረም ገደማ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ራማት ጋን ከተማ ያለውን ክለብ ጠይቁ። ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ውድድር ካለ ሜዳው አይለቀቅም።