እርግብ እንዴት እንደምታይ በአንድ ጠዋት ለማወቅ

አንድ እፍኝ ስንዴ ያዙና ከቅዳሴ በኋላ ጊዮርጊስ ግቢ አንዱ ጥግ ቁጭ በሉ። እርግቦቹ ራሳቸው ይመጣሉ። ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ስለ ዓይን ከመማሪያው ሥዕል ይልቅ ይሄ ግቢ ብዙ ረድቶኛል።

መጀመሪያ አንዷን ከኋላ በኩል፣ ትንሽ ወደ ጎን ብላችሁ፣ ቀስ እያላችሁ ተጠጉ። ዞር ሳትል ትነሳለች። ዓይኖቿ ግራና ቀኝ ስለሆኑ ወደ 340 ዲግሪ ታያለች፤ እኛ 200 ገደማ ነን። በምትኩ ሁለቱ ዓይኖቿ አንድ ላይ የሚያዩት ከምንቃሯ ፊት ያለውን ጠባብ ቦታ ነው። የኛ፣ የጦጣና የዝንጀሮ ዓይን ግን ሁለቱም ወደ ፊት ነው። ጥቅሙን ለማወቅ አንድ ዓይን ጨፍናችሁ መርፌ ላይ ክር አስገቡ። የእህቴ ልጅ ሞክራ ተበሳጭታ ክሩን ወረወረችው።

አሁን ዋናው። እርግብ ስትሄድ አንገቷን የምትነቀንቅ ይመስለናል አይደል? ስልካችሁን ስሎው ሞሽን ላይ አድርጋችሁ ከጎኗ ቅረጹ። ከኋላዋ የአጥር ብረት ቢኖር ጥሩ ነው፣ መለኪያ ይሆናችኋል። ጭንቅላቷ ወደ ፊት ይወረወርና ቀጥ ይላል። ብረቱ ጋ እንደቆመ ነው። አካሏ ከሥር ተራምዶ ይደርስበታል፣ ከዚያ እንደገና ይወረወራል። በ1978 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እርግብ የመሮጫ ማሽን ላይ አስኬዱ። እግሯ ይራመዳል፣ ዙሪያዋ ግን አይንቀሳቀስም፤ ንቅነቃው ቆመ። ለካ የምታየው እንዳይደበዝዝባት ነው። እኛ ይሄን የምንሠራው በዓይናችን ነው። ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ በመስኮት ወደ ውጭ የሚያይ ጓደኛችሁን ዓይን ተመልከቱ፤ ትር ትር ይላል። የማታውቁትን ሰው ግን አታፍጡበት፣ እኔ አንዴ ተሰድቤያለሁ።

ቀለምን በሙከራ አታገኙትም። የኛ ዓይን ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ አለው፤ እርግብ አራት አላት፣ አልትራቫዮሌትም ታያለች። ምን እንደሚመስል አትጠይቁኝ፣ ዓይኑ የለኝማ።

ቤት ስትገቡ በትንንሽ «ለ» አንድ ትልቅ «በ» ጻፉና ለሰው ብልጭ አድርጋችሁ አሳዩ። አብዛኛው «በ» ይላል። እንዲህ ባለ ፈተና እርግቦች ወደ ትንንሾቹ ሲያዘነብሉ ታይቷል። የሚገርመኝ ዝንጀሮዎችም ሲፈተኑ ትንንሾቹን ማስቀደማቸው ነው። ዓይናቸው እንደኛ ሆኖ!

ስንዴውን ሁሉ ባንዴ አትጨርሱ። ጭልፊት በላይ ሲያልፍ እርግቧ ምን እንደምታደርግ ለማየት ትንሽ ይቅር። እኛ አንገታችንን ቀና እናደርጋለን። እሷ ጭንቅላቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይን ሰማዩን ታያለች። ሌላኛው ዓይኗ መሬቱ ላይ ነው፣ ስንዴው ላይ።