ጫት ማቆም ከፈለጋችሁ በእንቅልፍ ጀምሩ

ተማሪ ሳለሁ የያዝኩት የፋርማኮሎጂ ደብተር አሁንም አለኝ። ያኔ በርጫ ካልተቀመጥኩ የማነብ አይመስለኝም ነበር። አንዱ ገጽ ላይ ያልተሰመረበት መስመር የለም። በቀይ፣ በሰማያዊ፣ በላዩ ደግሞ እንደገና በቀይ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ ገልብጬዋለሁ። ሌሊቱን ሁሉ ነገር ገብቶኝ ነበር። በማግስቱ ፈተና ላይ ስቀመጥ ቀለሙ ይታየኛል፤ ጽሑፉ ግን የለም።

ዛሬ ነርስ ነኝ። ጫት ከተውኩ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ማቆም ለምትፈልጉ፣ በተለይ ለተማሪዎች፣ እኔን የጠቀመኝን ልንገራችሁ። «ቆራጥ ሁኑ» አልላችሁም። ቆራጥ ነበርኩ፤ አራት ጊዜ አቁሜ አራት ጊዜ ተመልሻለሁ። ያጣሁት እንቅልፍ ነበር።

ለጋ ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። አምፌታሚን የሚባለው ኃይለኛ አነቃቂ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። ሻጩ በኮባ የሚጠቀልለው፣ ቃሚውም የትናንቱን የማይፈልገው ለዚህ ነው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉ መልእክት አድራሽ ኬሚካሎች በብዛት እንዲለቀቁ ያደርጋል። ዶፓሚን «ይሄ ይጠቅማል፣ ያዘው» ብሎ እንደሚጠቁም ሰው ነው። ምርቃና ላይ ሁሉንም ይጠቁማል። ደብተሬ ላይ የምታዩት ቀለም እሱ ነው።

ከዚያ ሌሊቱ አለ። ሲጨልም አንጎል ሜላቶኒን ያመነጫል፣ ሰውነትም ለእንቅልፍ ይዘጋጃል። የመረቀነ ሰው ግን ልቡ ይሮጣል፣ ዓይኑ አይከደንም። ቀን ያነበባችሁት ሂፖካምፐስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ለጊዜው ይቀመጣል እንጂ ገና አልጸናም። የሚጸናው ስትተኙ ነው። እንቅልፉን ከሰረዛችሁ ንባቡንም አብራችሁ ሰረዛችሁት።

ስለዚህ ማቆሚያውን ከፈተናው ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሙት። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነው። ድካም፣ ድብርት፣ ብስጭት፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ይመጣል። ስንፍና አይደለም፤ አንጎላችሁ ያለ ቅጠል መሥራትን እስኪለምድ ነው። ፈተናው ነገ ተነገ ወዲያ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ የዋዜማውን ሌሊት ተኙ።

እኔ ባንዴ አልተውኩም። መጀመሪያ የማታውን ተውኩ፣ ቀጥሎ የቀኑን በግማሽ ቀነስኩ፣ በሁለተኛው ሳምንት ጨርሶ አቆምኩ። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ተኛሁም አልተኛሁም፣ እየተነሳሁ ፀሐይ ላይ እወጣ ነበር። ይህን አትናቁት። ጠዋት ኮርቲሶል ከፍ ብሎ ሰውነትን ያነቃል፤ ብርሃኑ ደግሞ ሜላቶኒን ማታ በሰዓቱ እንዲመጣ ያግዛል። ቡናም ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ይቅር። ከጠጣችሁ አምስት ሰዓት ገደማ ካለፈ በኋላም የካፌኑ ግማሽ ገና ደማችሁ ውስጥ ነው።

ስለ ዱካክ ደግሞ ማንም ስላልነገረኝ ሦስት ጊዜ የተመለስኩት በሱ ነው። በሦስተኛው ሌሊት ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ መሰለኝ። ልጮህ ስል ድምፄ አልወጣ አለ። ጠዋት ለጓደኛዬ ስነግረው «ቃም፣ ይለቅሃል» አለኝ። ቃምኩ፤ እውነትም ለቀቀኝ። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። አነቃቂ ነገር ሲቆም፣ ታፍኖ የቆየው ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በኃይል ይመለሳል። ያስፈራል እንጂ ያልፋል። መብራት አብሩ፣ ፊታችሁን ታጠቡ፣ የምታምኑት ሰው አጠገባችሁ ይደር። እኔ ጋ እህቴ ፍራሿን አምጥታ አንድ ሳምንት አደረች።

በጨብሲ ለመተኛት አትሞክሩ። አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ሌሊቱን ግን ይቆራርጠዋል። በየቀኑ ብዙ የምትጠጡ ከሆነ ደግሞ መጠጡን ባንዴ እንዳታቆሙ፤ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ስለሚችል ሐኪም ያስፈልጋችኋል። ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ የምትሰሙ፣ ሰው ሁሉ የሚከታተላችሁ የሚመስላችሁ ወይም ራሳችሁን ስለመጉዳት የምታስቡ ከሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል ሂዱ።

ሐራራው የሚበረታው በበርጫ ሰዓት ነው። ዶፓሚን ቅጠሉን ሳይሆን ምልክቱን መጠበቅ ይለምዳል። የእኔ ምልክት የዕጣን ሽታና አንዲት የጫት ሱቅ ነበሩ። መንገዴን ቀየርኩ፤ 8 ሰዓት ሲሆን ኪሴን ቆሎ ሞልቼ በእግሬ እወጣለሁ።

መሻሻላችሁን እንዲህ ለኩት። ማታ አንድ ገጽ አንብቡ፣ ተኙ፣ ጠዋት ደብተሩን ሳትከፍቱ የምታስታውሱትን ጻፉ። ቀኑንም አስፍሩበት። የእኔ የመጀመሪያ ወረቀት ላይ አራት መስመር ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ገጹ ሞልቶ ጀርባውን ገለበጥኩ።