ቦይለር ስትቀይሩ የምታጠፏቸው ጥፋቶች

ደዋዮቼ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ሊትር ልግዛ?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ ከሊትሩ በፊት የምጠይቀው አለኝ። ውሃችሁ ከሮቶ ነው ወይስ ቀጥታ ከመስመር? የምትሰቅሉበት ግድግዳ ምንድነው? ግራውንድ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ አላችሁ? ይህን ሳያጣሩ የተገዛ ቦይለር ነው ቤት ከገባ በኋላ የሚያስለቅሰው።

ሳያስመረምሩ መጣል። ውሃ አልሞቀም ማለት ቦይለሩ አለቀለት ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ሬዚስታንሱ (ውሃውን የሚያሞቀው ዘንግ) ወይም ተርሞስታቱ (ሙቀቱ ሲበቃ የሚቆርጠው) ነው። ሁለቱም መርካቶ ይገኛሉ፤ ዋጋቸውም ከአዲስ ቦይለር ጋር አይወዳደርም። ታንከሩ ራሱ በስቶ የሚያፈስ ከሆነ ግን አትልፉ። ብየዳ የውስጡን ሽፋን ያቃጥለዋል፤ ትንሽ ቆይቶ እዚያው አጠገብ ይበሳል።

«ትልቁን ስጠኝ» ማለት። 50 ሊትር ቦይለር 60 ዲግሪ ሲደርስ ከቀዝቃዛው ጋር ተደባልቆ ወደ 80 ሊትር ገደማ የገላ ውሃ ይሰጣል። ተራ በተራ ለሚታጠቡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይበቃል። ለአራትና ለአምስት ሰው 80 ሊትር ጥሩ ነው። ከዚያ በላይ ለመግዛት ከማሰባችሁ በፊት ሰዓቱን አስቡት። 1.5 ኪሎ ዋት ሬዚስታንስ 50 ሊትሩን ለማሞቅ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ 80 ሊትሩን ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ። መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት ሰፈር ትልቁ ቦይለር ለብ ያለ ውሃ ይዞ ይቀራል።

ቦታ አይፈጅም ብሎ ፈጣኑን መግዛት። ታንከር የሌለውን፣ ሻወሩ ላይ የሚገጠመውን ማለቴ ነው። 5.5 ኪሎ ዋት የሚለው 25 አምፔር ይስባል። ይህ ከእንጀራ ምጣድ ይበልጣል። ለድሮው ቦይለር የተዘረጋው ገመድ አይችለውም፤ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመርና ብሬከር ይፈልጋል። ደግሞ የውሃ ግፊት ካላገኘ አይነሳም። ከሻወሩ ሁለት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው ግፊት 0.2 ባር ብቻ ነው። ሰዎች ገዝተው፣ አስገጥመው፣ «አይሠራም» ብለው ይደውላሉ። ዕቃው ደህና ነው፤ የጎደለው ፓምፕ ነው። መብራት ከሄደ ደግሞ ጠብታ ሙቅ ውሃ የለም። ባለ ታንከሩ ግን ሙቀቱን ለሰዓታት ይዞ ያቆያል።

ክፍት ብሎኬት ላይ መስቀል። 80 ሊትር ቦይለር ሲሞላ ከ100 ኪሎ አያንስም። አግሮስቶን (ስስ የክፍል መከፋፈያ ሰሌዳ) ግድግዳ ላይማ ጭራሽ አይታሰብም።

ሴፍቲ ቫልቯን መጣል ወይም መድፈን። እዚህ ላይ ትዕግሥቴ ያልቃል። ከካርቶኑ ውስጥ፣ ከቦይለሩ ጋር፣ ማንሻ ያላት ትንሽ ቫልቭ ትወጣለች። ሥራዋ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የገባው ውሃ ወደኋላ እንዳይመለስ ትይዛለች። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እሷ ከሌለች መስመሩ ሲደርቅ ታንከሩ ወደኋላ ሊፈስ ይችላል፣ ሬዚስታንሱም ደረቁን ነዶ ይቃጠላል። ሁለተኛ፣ ግፊት ሲበዛ ታስተነፍሳለች። 50 ሊትር ውሃ ሲሞቅ ወደ 0.8 ሊትር ያህል ያብጣል። ወደኋላ መመለሻ ስለሌለው በእሷ በኩል ይንጠባጠባል። ተንጠባጠበች ማለት ሥራዋን እየሠራች ነው!

አያት አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም የሄድኩት «ቦይለሩ ይጮሃል» ተብዬ ነው። ቀና ብዬ ሳይ የቫልቯ አፍ በቴፍሎን ተጠቅልሎ፣ በመድፈኛ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ወለሉ እየረጠበ ስላስቸገራቸው ነው የደፈኗት። ከሥሩ ልጆች ይታጠባሉ። ተርሞስታቱ አንድ ቀን ተጣብቆ አልቆርጥ ቢል ውሃው ታፍኖ ከ100 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ ታንከሩ ሲፈነዳ ደግሞ ግድግዳ ይዞ ነው የሚሄደው። ብሬከሩን አጠፋሁና ቫልቯ ሳትቀየር እንዳትነኩት አልኳቸው። መፍትሔው እኮ ቀጭን ቱቦ ነው! ከቫልቯ አፍ እስከ ወለሉ ፍሳሽ ማስወረድ፣ ጫፉን ክፍት መተው። ይኸው ነው። በወር አንዴ ማንሻዋን ከፍ አድርጋችሁ ውሃ መውጣቱን እዩ። እባካችሁ፣ የሚገጥምላችሁን ሰው «ቫልቯስ?» ሳትሉ አትሸኙት።

ማግኒዥየሟን መርሳት። ታንከሩ ውስጥ በታንከሩ ፈንታ ዝገት የሚበላት የማግኒዥየም ዘንግ አለች። በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ተከፍታ ትታይ፣ ካለቀች ትቀየር። የአቃቂ ጉድጓድ ውሃ የሚደርሳችሁ ሰዎች ከለገዳዲ ውሃ ተጠቃሚዎች ይልቅ ውሃው ሲሞቅ የሚተወው የነጩ ዝቃጭ ነገር ያሳስባችኋል፤ ስትከፍቱ ሬዚስታንሱንም አብራችሁ አስጠርጉ። ስትገዙ ሻጩን የዘንጓና የሬዚስታንሱ መለዋወጫ መኖሩን ጠይቁት። ካመነታ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ያለ ግራውንድ መግጠም። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም። እርቃናችሁን፣ እርጥብ ወለል ላይ ቆማችሁ ነው የምትጠቀሙበት። ግራውንድ ከሌለ መጀመሪያ እሱ ይሠራ፣ ቦይለሩ ሳምንት ይጠብቅ።

ባዶውን ማብራት። አዲስ ሬዚስታንስ በደቂቃዎች ውስጥ የሚቃጠለው በዚህ ነው። መጀመሪያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ። አየሩ እየተንፏጨ ይወጣል፤ ታገሱት። ውሃው ሳይቆራረጥ መውረድ ሲጀምር ቧንቧውን ዝጉና ብሬከሩን አብሩ።