በቡድን ወደ ላሊበላ፦ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትን ፎቶግራፍ ስለ ማንሳት

የላሊበላን 11 ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ለማንሳት በሥልጠና ጉዞ የሚሄድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው በካሜራ ምርጫ ሳይሆን በሰዓት ነው። ከመሬት ወደ ላይ የቆመ ጥንታዊ ሕንፃ የማለዳና የማታ ብርሃን ያምርበታል፤ እነዚህ ግን ከአለት ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ በመሆናቸው ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለ ጉድጓዳቸው ጥላ እንደዋጠው ይቆያል። ስለዚህ ሌላ አገር የተለመደውን «ማለዳ ተነሣ፣ ቀትር ላይ ዕረፍ» የሚል የሥልጠና መርሐ ግብር እዚህ እንዳለ መጠቀም አይቻልም።

ቤተ ጊዮርጊስን እንመልከት። ጥልቀቱ 12 ሜትር ያህል ነው። በታኅሣሥ ወር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ያለው የጉድጓዱ ግድግዳ የሚጥለው ጥላ ከ18 ሜትር ስለሚበልጥ የቤተ ክርስቲያኑ የታችኛው ክፍል ብርሃን አያገኝም። በዚያው ወር ቀትር ላይ ግን ፀሐይዋ ከአድማስ 55 ዲግሪ ያህል ከፍ ስለምትል ጥላው ወደ 8 ሜትር ተኩል ያጥርና ብርሃኑ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። በሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ ደግሞ የቀትሯ ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ወለሉ ሁሉ ይበራል፤ ሆኖም ግድግዳውን ከላይ ወደ ታች እየቧጨረ የሚያልፈው ብርሃን ኃይለኛ ስለሆነ እያንዳንዱ የመጥረቢያ ምልክት ጎልቶ ይወጣል። ይህንን የሚወድ አለ፤ እኔ ግን ሳሳ ያለ ደመና ያለበትን ቀን እመርጣለሁ።

ከዚህ የሚከተለው አሠራር ቀላል ነው። በማለዳ ቡድኑ ከላይ ይቁም፤ የቤተ ጊዮርጊስ ጣሪያ ከዙሪያው መሬት ጋር እኩል ስለሆነ የመጀመሪያውን ብርሃን ያገኛል፣ አንዱ በአንዱ ውስጥ ሆነው የተቀረጹት መስቀሎችም በዝቅተኛዋ ፀሐይ ጥላ ሲጥሉ ቅርጻቸው ይለያል። ለዚህ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይበቃል። ወደ ታች የሚወረደው ግን ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ቢሆን ይሻላል። የአብያተ ክርስቲያናቱ በሮች በምሳ ሰዓት የሚዘጉበት ጊዜ ስላለ፣ በጾም ወቅትም ቅዳሴው ወደ ከሰዓት በኋላ ስለሚዛወር፣ የዕለቱን ሰዓት ከአስጎብኚው ጋር በዋዜማው መነጋገር ያስፈልጋል። እዚህ ቦታ መርሐ ግብር የሚያወጣው አሠልጣኙ ሳይሆን የደብሩ አገልግሎት ነው።

ከላይ ቆመው ሲያነሡ ጠርዙ ድንገት እንደሚያበቃ አይርሱ። ዐይኑን ከካሜራው ሳይነቅል ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው በየቡድኑ አይጠፋም፤ በመሆኑም ሁለት ሁለት ሆኖ መሥራትና አንዱ ሲያነሣ ሌላው እግሩን መጠበቅ ጥሩ ልማድ ነው።

ከታች ያለው ችግር ሌላ ነው። መተላለፊያዎቹ ጠባብ ስለሆኑ ከ16 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ያለ ሰፊ ሌንስ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ወደ ላይ ባዘነበለ ቁጥር ግን ሕንፃው ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ካሜራውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ከሥር የሚተርፈውን ወለል በኋላ ቆርጦ ማውጣት ይሻላል። በጥላ ውስጥ ያለው ቀላ ያለ ድንጋይ ከሰማዩ ሰማያዊነት ስለሚቀበል፣ ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ለካሜራው ከመተው በአንድ መጠን ላይ ማሰርና ፋይሉን በሮው፣ ማለትም ካሜራው ሳያቀነባብረው፣ ማስቀመጥ ይመረጣል፤ አለዚያ የአንድ ቀን ሥዕሎች ሁሉ የተለያየ ቀለም ይዘው ይወጣሉ።

ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ቤተ ማርያም፣ ቤተ አማኑኤልና ቤተ አባ ሊባኖስ እ.ኤ.አ. በ2008 በተተከሉ ትልልቅ መጠለያዎች ሥር ናቸው። ብዙ ተጓዦች ምሰሶዎቹን አይተው ያዝናሉ። በአንድ በኩል ግን መጠለያው ብርሃኑን ስለሚያለሰልሰው የመስኮት ቅርጾችንና የግድግዳ ዝርዝሮችን ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል፤ ምሰሶው የሚያስቸግረው ሙሉውን ሕንፃ በአንድ ሥዕል ለማስገባት የሚሞክረውን ነው። ቀርበው፣ ዝቅ ብለው፣ ከ33 ሜትር በላይ ርዝመት ካለው ከመድኃኔ ዓለም አንዱን ማዕዘን ብቻ ቢወስዱ መጠለያው ከሥዕሉ ይወጣል። ወይም ደግሞ እንዳለ ያስገቡት፤ ዛሬ ያለው ይኸው ነው።

ወደ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወልቃል። ቁንጫ ምንጣፉን ስለሚወድ ወፍራም ካልሲ ከሌንስ ያላነሰ ጠቃሚ ዕቃ ነው። ፍላሽ አያብሩ፤ የቤተ ማርያምን የግድግዳ ሥዕሎች እንዳይጎዳ ከመሥጋት ባሻገር ውስጡን ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በየቀኑ ፍላሽ ሲበራባቸው የኖሩ አንዳንድ ካህናት ለፎቶ ሲቆሙ ጥቁር መነጽር ማድረግ የጀመሩት በከንቱ አይደለም። በምትኩ አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) እስከ 2.8 ከፍተው፣ አይ.ኤስ.ኦ.ውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) ከ3200 እስከ 6400 አድርገው፣ የብርሃን መለኪያውን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ያሳርፉ። ጨለማው ጨለማ ሆኖ ይቅር። ትሪፖድ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያ) በተፈቀደበት ቦታ በብርሃን መጠን ሁለት ሁለት ደረጃ የሚለያዩ ሦስት ሥዕሎችን ወስዶ በኋላ ማዋሐድ ይቻላል፤ የሚጸልይ ሰው መንገድ ላይ የተተከለ ትሪፖድ ግን ቢፈቀድም ነውር ነው።

ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው መቅደስ በፍጹም አይነሣም፣ ሌንስም ወደዚያ አይዘረጋም። ወደ ቤተ ጎልጎታ ሴቶች ስለማይገቡ፣ የቡድኑ ሴቶች በዚያ ሰዓት በሌላ ቦታ የሚሠሩት ሥራ አስቀድሞ ሊመደብላቸው ይገባል፤ በር ላይ ቆመው እንዲጠብቁ ማድረግ የአሠልጣኙ ጥፋት ነው። ድሮን ያለ መንግሥት ፈቃድ ማስገባትም ማብረርም ስለማይቻል ቤት ይቅር።

የቡድን ጉዞ ትልቁ ፈተና ሰው ሲነሣ ይታያል። አንድ ጊዜ አብሬአቸው የነበሩ አሥራ አንድ ተጓዦች በመተላለፊያ ተቀምጠው ዳዊት ይደግሙ የነበሩ አንድ አረጋዊ አባትን ከበው ሲያነሡ አይቻለሁ፤ አባም መጽሐፋቸውን አጥፈው ተነሥተው ሄዱ፣ አሥራ አንዱም ካሜራ ውስጥ የቀረው ጀርባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው ደንብ አለ፦ ከሦስት ሰው በላይ አንድ ቦታ አይቆምም፤ መጀመሪያ መስቀል ተሳልሞ ወይም ሰላምታ ሰጥቶ «አባቴ፣ ፎቶ እንዳነሣዎት ይፈቅዱልኛል?» ማለት፤ እምቢ ካሉ አመስግኖ መሄድ። ስጦታ መስጠት የፈለገ በሙዳየ ምጽዋት ቢያስገባ ይመረጣል፤ በእጅ የሚሰጥ ብር እያንዳንዱን መስቀል የያዘ ካህን ወደ አንድ ዓይነት አቋቋም ይወስደዋልና። ከውጭ አገር ለመሳለም የመጡ የእኛው ሰዎችም ሳይጠየቁ ሊነሡ አይገባም፤ ነጠላ መልበሳቸው ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ጉዞው ከገና ጋር ከገጠመ ሌላ ዝግጅት ይጠይቃል። በበዓሉ ጠዋት በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ማሜ ጋራ በሚባለው ገደል ላይና ሥር ካህናቱ ተሰልፈው «ቤዛ ኩሉ» የሚለውን ዝማሬ እየዘመሩ ያሸበሽባሉ። የሰዉ ብዛት አንዴ የያዙትን ቦታ ለመልቀቅ ስለማያስችል ሌንስ መቀያየር አይታሰብም፤ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር ያለ አንድ ሌንስና ትርፍ ባትሪ ይዞ ሌሊቱን ቦታ መያዝ ነው። ቡድኑ ከላይና ከታች ቢከፈል ሁለቱን ሰልፎች ያገኛል።

ከከተማው ውጭ ላለው ለይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ቀን መተው ያስፈልጋል። ሕንፃው በዋሻ ውስጥ በእንጨትና በነጭ ልስን ድርድር የተሠራ ስለሆነ፣ ከዋሻው አፍ የሚገባው ብርሃን ነጩን አጉልቶ እንጨቱን ያጠቁረዋል፤ ለነጩ ከለኩ ከጀርባው ያለው ዋሻ ሁሉ ይጠፋል። መጀመሪያ ካሜራውን ሳይከፍቱ አሥር ደቂቃ ይቀመጡ፣ ዐይን ይልመድ። ከዚያ ከጎን፣ ንብርብሩ እየጠበበ ሲሄድ በሚታይበት በኩል ይጀምሩ።

ማታ ማታ እያንዳንዱ ተሳታፊ አምስት ሥዕል ብቻ ያሳይ። የሁለት ሰው ሥዕል ተመሳሳይ ከሆነ ሁለቱም በማግስቱ ወደዚያው ቦታ ይመለሱና አንዱ ከላይ፣ ሌላው ከታች ይቁም።