ስልካችሁ ላይ ኤአይ፦ በኢንተርኔት የሚሰራው ይሻላል ወይስ የሚጫነው?

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይም ቦሌ አራብሳ የሚኖር ሰው ያውቀዋል። መብራት ከጠፋ ኔትወርኩም ብዙ ሳይቆይ መንቀራፈፍ ይጀምራል። ስለዚህ "ያለ ኢንተርኔት የሚሰራ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) አለ" ሲባል ሁሉም ጆሮውን ቢያቆም አይገርምም። አዎ፣ አለ። ግን ለሁሉም ስልክ አይሆንም፤ ለአማርኛ ደግሞ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው።

ልዩነቱ ባጭሩ ይህ ነው። ቻትጂፒቲና ጀሚናይን ስትጠቀሙ የጻፋችሁት ነገር ውጭ አገር ወዳለ ሰርቨር ይሄዳል፣ ስራው እዚያ ይሰራል፣ መልሱ ብቻ ይመጣላችኋል። አሮጌ ስልክ ላይም የሚሰሩት ለዚህ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ላይ ሞዴሉን ራሱን፣ ማለትም መልሱን የሚያዘጋጀውን የኤአይ ፋይል፣ ልክ እንደ ፊልም ታወርዱታላችሁ። ከዚያ በኋላ ስራው ሁሉ የስልካችሁ ነው።

1. ምን እንደምትጠይቁት አስቡ

በብዛት የምትፈልጉት የአማርኛ ማመልከቻ ማጻፍ ከሆነ አትድከሙ፣ የኢንተርኔቱን ተጠቀሙ። ስልክ ላይ የሚጫኑት ትንንሽ ሞዴሎች አማርኛ ላይ ደካማ ናቸው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውን ላማ 3.2 የሚባል ሞዴል ውሰዱ። ባለ 1 ቢሊዮኑና ባለ 3 ቢሊዮኑ ለስልክ ጭምር ታስበው የተሰሩ ናቸው (ቢሊዮኑ ሞዴሉ በውስጡ የያዛቸው የስሌት ቁጥሮች ብዛት ነው፤ በበዛ ቁጥር ሞዴሉ ይከብዳል)። በይፋ ከሚደግፏቸው 8 ቋንቋዎች ውስጥ ሂንዲም ታይኛም አለ፣ አማርኛ ግን የለም። "ለአከራዬ የቤት ኪራይ ውሉ ይራዘምልኝ የሚል ደብዳቤ ጻፍልኝ" ብትሉት አንድ ሁለት መስመር ሰላምታ ይሞክርና ከዚያ ትርጉም የሌላቸው ቃላት ይደረድራል፣ ወይ ወደ እንግሊዝኛ ያመልጣል።

ፍጥነቱም ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ውስጥ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። "ሰላም" ብቻዋን 9 ባይት ናት። ሞዴሎቹ ጽሑፍን የሚያነቡትም የሚጽፉትም እየቆራረጡ ነው፣ እና አማርኛ ላይ ቁርጥራጩ ስለሚበዛ ያንኑ ሐሳብ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ይወስድባቸዋል። ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ሲንጠባጠብ ታዩታላችሁ።

እንግሊዝኛ ከሆነ ግን አትናቋቸው። ኢሜይል ማስተካከል፣ ረጅም ኖት ማሳጠር፣ ለኢንተርቪው መለማመድ፣ ይህን ሁሉ ትንሹም ሞዴል በደንብ ይሞክረዋል።

2. ራም እዩ፣ ማስታወቂያውን እርሱት

ራም ማለት ስልኩ እየሰራ ያለውን ነገር ለጊዜው የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው፤ ፎቶና ፋይል ከሚቀመጥበት ስቶሬጅ ይለያል። መጠኑን ለማየት ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ "አባውት ፎን" የሚለውን ክፈቱ። ካርቶኑ ላይ "16 ጂቢ" ተብሎ ውስጡ "8+8" ከሆነ የሚቆጠረው የመጀመሪያው 8 ብቻ ነው። ሁለተኛው ከስቶሬጅ ላይ የተበደረ ነው፣ ፍጥነቱም ከራም ጋር አይወዳደርም።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሞዴሉ ሲሰራ ራም ውስጥ መግባት አለበት፣ ያውም ከአንድሮይዱና ከኋላ ከተከፈተው ቴሌግራም ጋር ተጋፍቶ። ባለ 1 ቢሊዮን ሞዴል ተጨምቆ ወደ 1 ጂቢ ይጠጋል፣ ባለ 3 ቢሊዮኑ ወደ 2 ጂቢ። ስለዚህ 4 ጂቢ ራም ካላችሁ ከባለ 1 ቢሊዮን አትለፉ። 8 ጂቢ ያለው ሰው እንደ ጉግል ጌማ 3 ያለውን ባለ 4 ቢሊዮን መሞከር ይችላል። ከ4 ጂቢ በታች ከሆነ ተዉት። ለዚህ ብላችሁ ደግሞ አዲስ ስልክ አትግዙ፣ እኔ በበኩሌ አያዋጣም ባይ ነኝ።

3. ዳታውን አስሉት

ብዙ ሰው ስልክ ላይ መጫን ፓኬጅ ይቆጥባል ብሎ ያስባል። ሁልጊዜ አይደለም! ጽሑፍ ብቻ ከሆነ የኢንተርኔቱ ኤአይ በጣም ትንሽ ዳታ ነው የሚበላው፤ ዳታ የሚጨርሰው ፎቶ፣ ድምፅና ፋይል ነው። 2 ጂቢ ሞዴል በሞባይል ዳታ ማውረድ ግን የስንት ወር ጥያቄና መልስ ነው። መጫኑ የሚያዋጣው ቢሮ ወይም ካፌ ዋይፋይ ስታገኙ ነው። ስታወርዱ ባትሪያችሁም ሙሉ ይሁን፤ መሃል ላይ ከተቋረጠ እንደገና መጀመር ሊመጣ ይችላል።

4. ጫኑና ፈትኑ

ፕሌይስቶር ላይ "ፖኬትፓል" የሚባል ነፃ አፕ አለ፣ አይፎን ላይም ይገኛል። ክፈቱት፣ የሞዴል ዝርዝሩ ውስጥ ግቡ፣ ከራማችሁ ጋር የሚሄደውን ትንሹን አውርዱ፣ ከዚያ "ሎድ" በሉት።

አሁን ዋናው ፈተና፦ ኤርፕሌን ሞድ አብሩ። ዋይፋዩም መጥፋቱን አረጋግጡ። ጥያቄ ጻፉ። መልስ ከመጣ በእርግጥ ስልካችሁ ላይ ነው የሚሰራው። "ኦፍላይን" የሚል ስም ለጥፎ ኢንተርኔት ሲጠፋ ዝም የሚል አፕ ካጋጠማችሁ አጥፉት።

ረጅም ነገር ስታጽፉት ስልኩ ይሞቃል፣ ባትሪውም ይወርዳል። መብራት በሌለበት ማታ ይህን አስቡበት። ደግሞ የዛሬን ነገር አትጠይቁት። የዶላር ምንዛሬ ብትሉት ከራሱ ፈጥሮ በሙሉ ልብ ይነግራችኋል። የመድኃኒት መጠን ላይ ደግሞ ጨርሶ አትመኑት።

5. ምስጢራችሁን ለዩ

የፋይዳ ቁጥር፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የሐኪም ውጤት ያለበትን ጽሑፍ ወደ ኢንተርኔቱ ኤአይ አትለጥፉ። የግድ ከሆነ ስምና ቁጥሩን አውጡ። ስልክ ላይ የተጫነው የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ከስልኩ አይወጣም።

ቻትጂፒቲ የምትጠቀሙ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ "ዳታ ኮንትሮልስ" ግቡና "ኢምፕሩቭ ዘ ሞዴል ፎር ኤቭሪዋን" የሚለውን አጥፉ። የምትጽፉት ነገር ሞዴል ማሰልጠኛ እንዳይሆን የሚያደርገው እሱ ነው።

ሁለቱንም አብሮ መያዝ ይቻላል፣ እኔ የምመክረውም ይህንኑ ነው። አማርኛውን ለኢንተርኔቱ፣ እንግሊዝኛውንና የግሉን ለተጫነው። ከሞከራችሁት በኋላ ካልተመቻችሁ ሞዴሉን አፑ ውስጥ ገብታችሁ ደምስሱት፣ አለዚያ 2 ጂቢ ቦታ ይዞ ዝም ብሎ ይቀመጣል።