ትርፍ ትኬት ከቴሌግራም የምትገዙ፣ ይቺን አንብቡ

ኮንሰርት ሲቃረብ «ትርፍ ትኬት አለኝ» የሚል ፖስት ቴሌግራሙን ያጥለቀልቀዋል። እባካችሁ የኪውአር ኮዱን ፎቶ ብቻ አይታችሁ ብር እንዳትልኩ። ያንኑ ፎቶ ለአምስት ሰው መሸጥ ይቻላል፣ በር ላይ ቀድሞ ስካን ያስደረገው ይገባል፣ ሌላው ለባብሶ መጥቶ ውጭ ይቀራል። እህቴ እንዲህ ሆና ስታለቅስ አይቻለሁ፣ በጣም ያናድዳል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 አገልግሎቱ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ ገንዘባችሁን እንድትጠይቁ ይፈቅዳል። ግን የሚጠየቀው ነጋዴ ነው፤ ስሙን እንኳ የማታውቁትን ሰው የት ታገኙታላችሁ?

ከአዘጋጁ ግዙ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። የግድ ከሰው ከሆነ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ በአካል ተገናኙና ትኬቱ ወደ ስማችሁ ይዛወር እንደሆነ እዚያው ሆናችሁ ለአዘጋጁ ደውሉ፣ ክፍያው ከዚያ በኋላ። በቴሌብር ከከፈላችሁ የግብይት ቁጥሩን አታጥፉት።